ችክችካ ምንድን ነው?

ጎንደር ሰርግ ላይ ዳስ ውስጥ ገብቶ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይከብዳል። ከበሮው ገና ሲጀምር ትከሻ ከባለቤቱ ቀድሞ ይነሳል። ያንን የሚያደርገው ምት ስም አለው፤ ችክችካ ይባላል።

ስሙ ድምፁን ይመስላል። "ችክ-ችካ፣ ችክ-ችካ" እያላችሁ ፈጠን አድርጋችሁ ድገሙት። የመጀመሪያዋን "ችክ" ረዘም አድርጓት። በቃ፣ ምቱን ያዛችሁት! ሙዚቀኞች በኖታ ሲጽፉት 6/8 ይሉታል፤ በአንድ ዙር 6 ፈጣን ምቶች አሉ ማለት ነው።

እነዚህን 6 ምቶች ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ብትከፍሏቸው 2 ከባድ ምት ይወጣል። ጭብጨባው እዚያ ላይ ያርፋል። ሁለት ሁለት ብታደርጓቸው ደግሞ 3 ይሆናሉ። ጆሮ በ2 እና በ3 መካከል ይመላለሳል። ለእኔ የችክችካ ሙቀት ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አዲስ አበባ ስላደግኩ እንደ ብዙ ዘመናዊ ዘፈን በ4 እየቆጠርኩ እጨፍር ነበር፤ ሁሌም ምቱ ያመልጠኛል። አንድ ጊዜ ጎንደር ለሰርግ ሄጄ አክስቴ ይህን አየች። ከበሮውን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች እጄን ይዛ ቆዳው ላይ አስቀመጠችው። "መቁጠሩን ተወው የኔ ልጅ፣ እጅህ ይስማው" አለችኝ። በሰፊው ፊት ወፍራሙ "ዱም" መዳፌን መታኝ፤ ከጠባቡ ፊት ቀጭኑ ድምፅ ተከተለው። ትከሻዬ ያኔ ነው የተፈታው።

እስክስታ የሚወርደው እንዲህ ባለ ምት ላይ ነው። ከባዱ ምት ጉልበትንና ደረትን ይይዛል፣ በመሀል ያሉት ቀጫጭን ምቶች ለትከሻና ለአንገት ይቀራሉ። ጎበዝ ጨፋሪ "እስ! እስ!" እያለ የሚያወጣው ትንፋሽም ከምቱ ጋር ነው የሚሄደው።

ብዙ ሰው ችክችካን ከቅኝት ጋር ያደባልቃል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እና አንቺ ሆዬ ቅኝቶች ናቸው፤ ዜማው በየትኞቹ ድምፆች እንደሚሄድ ይነግሩናል። ችክችካ ግን ምት ነው። ስለዚህ አንድ ዘፈን ቅኝቱ ባቲ፣ ምቱ ችክችካ ሊሆን ይችላል።

ከበሮ በሌለበት ደግሞ ማሲንቆ ብቻውን ይበቃል። አንድ ክር ናት ያለችው፣ እሷም የፈረስ ጭራ። አዝማሪው በግራ እጁ ጣቶች ዜማውን ይፈልጋል፣ በደጋኑ ምቱን ይጠብቃል። ጎንደር አዝማሪ ቤት ከገባችሁ ለትንሽ ደቂቃ ጨፋሪዎቹን ተዉና የአዝማሪውን ቀኝ እጅ እዩ። ረዘም፣ አጠር፣ ረዘም፣ አጠር እያለ ይመላለሳል። ችክ-ችካ፣ ችክ-ችካ።