የአየር ንብረት ሪፖርቶች የኦንላይን ግምገማ ምንድን ነው?

የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል (አይፒሲሲ) በ1988 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከተቋቋመ ጀምሮ ራሱ ምርምር አያካሂድም። የታተሙ ጥናቶችን መርምሮ የትኛው ድምዳሜ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ይናገራል። በ2021 ያወጣው የፊዚካል ሳይንስ ሪፖርት ብቻ 234 ጸሐፊዎች ነበሩት፤ ከ14,000 በላይ ጽሑፎችንም ጠቅሷል። ይህን ያህል ሰነድ ጸሐፊዎቹ ብቻቸውን አጣርተው አይዘልቁትም። የኦንላይን ግምገማ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ረቂቁ ሲደርስ በመስኩ ዕውቀት አለኝ የሚል ባለሙያ በኢንተርኔት ይመዘገባል፣ ረቂቁን ያወርዳል፣ አስተያየቱን ምዕራፍ፣ ገጽና መስመር እየጠቀሰ በሰንጠረዥ ሞልቶ ይልካል። የመጀመሪያውን ረቂቅ ባለሙያዎች፣ ሁለተኛውን ባለሙያዎችና መንግሥታት ያዩታል። ጸሐፊዎቹ ለእያንዳንዱ አስተያየት ተቀብለነዋል ወይም በዚህ ምክንያት አልተቀበልነውም ብለው በጽሑፍ መመለስ አለባቸው። ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ አስተያየቱም መልሱም ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። በ2021ዱ ሪፖርት ላይ 78,007 አስተያየቶች ቀርበዋል።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። የ2007ቱ ሪፖርት የሂማላያ የበረዶ ግግሮች በ2035 ሊጠፉ ይችላሉ ብሎ ነበር። መረጃው የተወሰደው በባለሙያዎች ካልተገመገመ ጽሑፍ ነው። ረቂቁ ላይ የጃፓን መንግሥት ይህ አባባል ምን ያህል እርግጠኛ ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። ጥያቄው ቀርቧል፣ ተመዝግቧል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን እንዳለ ታተመ። ፓነሉ ስህተቱን ያመነው በጥር 2010 ነው። በዚያው ዓመት የሳይንስ አካዳሚዎች ጥምረት የፓነሉን አሠራር መርምሮ፣ አስተያየቶች በቂ መልስ ማግኘታቸውን የሚቆጣጠሩት የግምገማ አርታኢዎች ሥልጣናቸውን በሚገባ እንዲጠቀሙበት አሳሰበ። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። አስተያየት መሰብሰብ ለኮምፒውተር ቀላል ነው፤ አስቸጋሪውን አስተያየት አንስቶ መልስ እስኪያገኝ የሚከታተል ሰው ከሌለ ሰንጠረዡ ማኅደር ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። የ2021ዱ ሪፖርት የሚገኝበት የስድስተኛው ዙር ሪፖርቶች ዝርዝር ይዘት የተነደፈው በግንቦት 2017 አዲስ አበባ በተደረገ ስብሰባ ነው። የበልግ ዝናባችንን ጉዳይ ደግሞ ተመልከቱ፦ ላለፉት አሥርት ዓመታት በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ መቀነሱን መለኪያዎች ሲያሳዩ፣ ብዙ የኮምፒውተር ሞዴሎች ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። ስለዚህ ቅራኔ የሚጽፍ ምዕራፍ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎቻችንን መዝገብ በቅርብ የሚያውቅ ገምጋሚ ያስፈልገዋል። መመዝገብ ክፍት ነው፤ ሆኖም ረቂቁ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሥራውም ክፍያ የለውም። የማስተማር ጫና ላለበት የዩኒቨርሲቲ መምህር ይህ ቀላል አይደለም። ተቋማት የግምገማ ሥራን እንደ መደበኛ የምርምር ሥራ ቢቆጥሩለት ብዙ ባለሙያ ይሳተፍ ነበር።

ለመሳተፍ የሚያስብ ሰው ሁሉንም ምዕራፍ ማንበብ አይጠበቅበትም። የሚያውቀውን አንድ ክፍል ይያዝ። «ስለ በልግ የተጻፈው ትክክል አይደለም» የሚል አስተያየት ለጸሐፊዎቹ ምንም አይጠቅማቸውም። የትኛው መስመር እንደሆነ፣ በምን ቃል ቢተካ እንደሚሻልና ይህን የሚደግፈው የታተመ ጥናት የትኛው እንደሆነ ከጻፈ ግን ጸሐፊዎቹ ወይ ያርማሉ፣ ወይ ያላረሙበትን ምክንያት ማንም በሚያነበው መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ።