ሚዛናዊ የገጠር ልማት ምንድን ነው?

ቃሉ ራሱ ስብሰባ ስብሰባ ይሸታል። “ሚዛናዊ” ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት እኩል ማካፈል ነው፤ ለዚህኛው አካባቢ አንድ መንገድ፣ ለዚያኛው አንድ ክሊኒክ። መንገዱም ክሊኒኩም አይጠላም። ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ በእርሻና በደን የሚተዳደር አካባቢ ካፈራው ሀብት እዚያው የሚቀረው ስንቱ ነው?

እስቲ አንድ ግንድ እንከተል። ገና የተቆረጠ ዛፍ ውሃ የጠገበ ነው፤ የአንዳንዱ ዝርያ ክብደት ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ግንዱ እንዳለ ተጭኖ ሩቅ ከተማ ሲሄድ ነዳጁ የሚቃጠለው ውሃ ለማጓጓዝም ጭምር ነው ማለት ነው። ከተማ ደርሶ ሲሰነጠቅ ደግሞ ጣውላ የሚወጣው በግምት ከግማሹ ነው፤ ሌላው ሰጋቱራና ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀራል። መሰንጠቂያው ዛፉ የበቀለበት አካባቢ ቢሆን ኖሮ ግን ሰጋቱራው ተቃጥሎ የጣውላ ማድረቂያውን ያሞቅ ነበር፣ መኪናው የሚጭነው ደረቅ ጣውላ ይሆን ነበር፣ መጋዙን የሚስለው፣ ሞተሩን የሚጠግነውና ሂሳቡን የሚይዘው ሰውም እዚያው ተቀጥሮ ልጆቹን እዚያው ያስተምር ነበር። ወተትም ያው ነው። 87 በመቶ ገደማው ውሃ ነው፤ ከ10 ሊትር የሚወጣው ደረቅ አይብ አንድ ኪሎ ያህል ነው። የቱን መጫን እንደሚሻል ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ሌላው ሚዛን የጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም ይሄ ነው። እህል በወራት ይታጨዳል። ባህር ዛፍ በ10 ዓመት ውስጥ ሊደርስ ይችላል፣ የሰሜን አውሮፓ ጥድ ግን 60 ዓመት፣ አንዳንዴም 100 ዓመት ይጠበቃል። ዝናቡ ቀርቶ ጎተራው ባዶ የሆነበት ገበሬ ዛፉ እስኪደርስ አይጠብቅም፣ ያለ ዕድሜው ቆርጦ ይሸጠዋል። ታዲያ ምን ያድርግ? “ደን እንጠብቅ” የሚል ስብከት እራት አይሆንም። ስለዚህ በመሃል ገቢ ያስፈልጋል፦ ማር፣ እንጉዳይ፣ ማገዶ፣ እንግዳ ማስተናገድ። ኮስታሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ከ1997 ጀምራ ዛፋቸውን ሳይቆርጡ ለሚያቆዩ ባለመሬቶች ትከፍላለች፤ ለዚህ ከሚውለው ገንዘብ አብዛኛው የመጣው ከነዳጅ ታክስ ነው። ዛፉ ቆሞም ደሞዝ ያገኛል ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ የመወሰን ነገር አለ። የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ሊደር የሚባል የገጠር ልማት አሰራር ጀምሯል። ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል የሚለውን የሚመርጠው ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ማህበሩና የአካባቢው አስተዳደር ያሉበት ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2020 በነበረው ደንብ መሰረት ከባለስልጣናቱም ሆነ ከሌላ ከየትኛውም ወገን በውሳኔ ላይ ከ49 በመቶ በላይ ድምፅ ሊይዝ የሚችል አልነበረም። ቁጥሯ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ከንቲባው ብቻውን እጁን አውጥቶ ጉዳዩን መጨረስ አይችልም ነበር።

ገንዘብ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ጃፓን ታሳያለች። ነዋሪ ለሚሸሻቸው አካባቢዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ልዩ ህግ አውጥታ፣ በየ10 ዓመቱ ገደማ እያደሰች፣ መንገድና አዳራሽ በብዛት ሰርታለች። ወጣቱ ግን መሄዱን አልተወም። መንገድ እኮ ለመምጫም ለመሄጃም ነው።

እና መፍትሄው በየመንደሩ መሰንጠቂያ መትከል ነው? አይደለም። መሰንጠቂያ አፉ ትልቅ ነው። ደኑ በዓመት ከሚያድገው በላይ የመሰንጠቅ አቅም ያለው ማሽን ከተተከለ፣ የባንክ እዳውን ለመክፈል ሲል ብቻ መሰንጠቁን ይቀጥላል፣ ጥቂት ዓመት ሰርቶም ደኑን ጨርሶ ይዘጋል። ስለዚህ ማሽን ከመግዛቱ በፊት አንድ ሰው ሜትሩን ይዞ ደኑ ውስጥ ይግባና በዓመት ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያድግ ይለካ።