የእርማት ቀዶ ሕክምና ምንድን ነው?

ፊትን ለማሳመር የተደረገ ቀዶ ሕክምና ውጤቱ እንደታሰበው ሳይሆን ሲቀር፣ ያንኑ ቦታ እንደገና ከፍቶ ለማስተካከል የሚደረገው ሁለተኛ ሥራ የእርማት ቀዶ ሕክምና ይባላል። ሐኪሞች እርስ በርሳቸው «ሪቪዥን» ይሉታል። በዐይን ቆብም፣ በአገጭም፣ የላላ የፊት ቆዳን ወጥሮ በመስፋት ሥራም ላይ ያጋጥማል፤ በብዛት የሚነሣው ግን በአፍንጫ ነው። ለውበት አፍንጫቸውን ከተሠሩ 100 ሰዎች ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ለእርማት እንደሚመለሱ የሕክምና ጽሑፎች በተደጋጋሚ ይጠቅሳሉ። አፍንጫ መሃል ፊት ላይ ስለተቀመጠ የሚሊሜትር ልዩነት እንኳ ይታይበታል፤ በዚያ ላይ የመተንፈሻ በር ነው። ስለዚህ እዚህ የማብራራው በአፍንጫ ምሳሌ ነው።

እርማት ራሱን የቻለ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከመጀመሪያው የከበደ ቀዶ ሕክምና ነው። ያልተነካ አፍንጫ ሲከፈት ቆዳውና ከሥሩ ያለው ካርቲሌጅ የሚባል ለስላሳ አጥንት ያለ ብዙ ችግር ይላቀቃሉ። አንድ ጊዜ የተከፈተ አፍንጫ ግን ውስጡ በጠባሳ ተጣብቋል፤ ሐኪሙ የቆዳውንና የካርቲሌጁን ድንበር እየፈለገ ነው የሚሄደው። ለቆዳው ደም የሚያደርሱ ሥሮችም ቀድሞ ተነክተዋል። ሌላው ችግር የመሥሪያ ዕቃ ማነስ ነው። አፍንጫን ለመደገፍ የሚያገለግለው ካርቲሌጅ በመጀመሪያ የሚወሰደው ሁለቱን ቀዳዳዎች ከሚለየው መካከለኛ ግድግዳ ነው። ያ በመጀመሪያው ሥራ አልቆ ከሆነ ከጆሮ፣ ካልበቃም ከጎድን አጥንት ጫፍ መውሰድ ግድ ይላል። አፍንጫዋን ለማስተካከል የገባች ሴት ደረቷ ላይም ስፌት ይዛ ትወጣለች ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ የማይናገር ሐኪም ዘንድ ባትሄድ እመርጣለሁ።

ለዚህ ሁሉ ግን ጊዜ ይቀድማል። ከቀዶ ሕክምናው አንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ጀሶው ይነሣል፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠውም ያን ቀን ነው። መስታወት ውስጥ የሚታየው አፍንጫ ያበጠ፣ ጫፉ ወደ ላይ የተሰቀለ፣ አንዱ ጎን ከሌላው የወፈረ ነው፤ ከዐይን ሥር የበለዘው ገና አልጠፋም። ማደንዘዣው፣ እንቅልፍ ማጣቱና ቤት ውስጥ ተዘግቶ መክረሙ ተጨምሮበት የሚያለቅስ አለ። ያ ፊት ግን ውጤቱ አይደለም። አብዛኛው እብጠት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀንሳል፤ የአፍንጫ ጫፍ ግን እስኪረጋ አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ቆዳቸው ወፍራም የሆነ ሰዎች ከዚያም በላይ መጠበቅ ሊኖርባቸው ይችላል። ጠንቃቃ ሐኪሞች ቢያንስ 12 ወር ሳይሞላ እርማት ውስጥ የማይገቡት በዚህ ምክንያት ነው። እብጠት ላይ የተቆረጠ ነገር እብጠቱ ሲወርድ ሌላ ጉድለት ሆኖ ይወጣል።

የመጠበቅን ጥቅም በአንድ ችግር ማሳየት ይቻላል። ከአፍንጫው ጫፍ በላይ ያለው ቦታ አብጦ ከጎን ሲታይ የበቀቀን ምንቃር የሚመስልበት ሁኔታ አለ፤ በሕክምናውም የሚጠራው በዚሁ በበቀቀን ስም ነው። መልኩ አንድ ሆኖ ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ሐኪሙ መቀነስ የነበረበትን ካርቲሌጅ ሳይቀንስ መተዉ ወይም የጫፉ ድጋፍ ደክሞ መውረዱ ነው፤ ይህ በራሱ አይስተካከልም፣ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ሁለተኛው ከቆዳው ሥር የተጠራቀመ ጠባሳ ነው። እንዲህ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት በጥቂቱ የሚወጋ ስቴሮይድ የሚባል እብጠት ቀናሽ መድኃኒትና ማታ ማታ የሚለጠፍ ፕላስተር ብዙ ጊዜ ያሟሽሹታል። ሁለቱን የሚለየው ሐኪሙ በጣቱ ጫን ብሎ መዳሰሱ ነው፤ ካርቲሌጅ ይጠነክራል፣ ጠባሳና እብጠት ይለሰልሳል። በፎቶግራፍ ብቻ «ይህ መቆረጥ አለበት» ብሎ ቀን የሚቆርጥ ሰው ይህን ምርመራ አላደረገም።

ጊዜ የማይሰጡ ነገሮችም አሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት ሁለቱም የአፍንጫ ቀዳዳዎች በድንገት ቢዘጉና ሕመሙ እየባሰ ቢሄድ፣ መካከለኛው ግድግዳ ላይ ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ያ ደም ቶሎ ካልፈሰሰ ካርቲሌጁ ይሞታል፤ አፍንጫውም መሃሉ ላይ ይሰረጉዳል። ትኩሳት፣ መግል፣ የማይቆም ደም፣ የዐይን ሕመም ወይም የማየት ለውጥም እንዲሁ የዚያው ቀን ጉዳይ ናቸው። የጎደለውን ቦታ እስከዚያው በመርፌ በሚሞላ ፊለር እናሟላው የሚል ሐሳብም በጥንቃቄ መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር በመድኃኒት ሊሟሟ ይችላል፤ ሆኖም በቀዶ ሕክምና በተነካ አፍንጫ ውስጥ የደም ሥሮች ቦታቸው ተለውጦ ስለሚሆን አደጋው ከፍ ይላል። ፊለር ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳን ሊገድል፣ ዐይንንም ሊያሳውር ይችላል።

ቅሬታ ሁሉ የመልክ ቅሬታም አይደለም። አፍንጫን ለማቅጠን ብዙ ካርቲሌጅ ተወስዶ ከሆነ፣ አየር ሲሳብ የአፍንጫው ጎን ወደ ውስጥ እየተጠባ መተንፈሻውን ያጠብበዋል። ጉንጭን በጣት ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲስቡት ትንፋሹ ቶሎ ከተከፈተ ችግሩ ከዚያ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። እንዲህ ያለ ሰው «አምሮብሻል፣ ምን ፈለግሽ?» ተብሎ መሸኘት የለበትም። መተንፈስ አቅቶታል፤ ሕክምና ይገባዋል።

ቅሬታው የመልክ ሲሆን ደግሞ በምን እንደሚለካ መጠየቅ ተገቢ ነው። በስልክ ከ30 ሳንቲሜትር ርቀት የሚነሣ ፎቶግራፍ አፍንጫን በ30 በመቶ ያህል አስፍቶ እንደሚያሳይ በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ጥናት አስልቷል፤ 1.5 ሜትር ያህል ርቆ የተነሣው ግን ለእውነተኛው ይቀርባል። የቀድሞውንና የአሁኑን ለማነጻጸር ርቀቱም፣ ብርሃኑም፣ የፊቱ አቅጣጫም አንድ መሆን አለበት።

አንዳንድ ጊዜ የሚያስጨንቀው ጉድለት ሌላ ሰው ጭራሽ የማያየው ይሆናል። በቀን ለሰዓታት መስታወት መመልከት፣ ከሰው መሸሽ፣ አንዱ ሲስተካከል ሌላ ጉድለት መፈለግ «ቦዲ ዲስሞርፊክ ዲስኦርደር» የሚባል የታወቀ የአእምሮ ሕመም ምልክቶች ናቸው። ጣሊያናዊው ሐኪም ኤንሪኮ ሞርሴሊ በ1891 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገልጾታል። በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ ከ100 ሰዎች 2 ያህሉን ይይዛል፤ ለውበት ቀዶ ሕክምና ከሚመጡት መካከል ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ሕመም እርማት ብዙውን ጊዜ አያሽለውም፣ ሊያባብሰውም ይችላል። የሚረዱት ለዚህ የተዘጋጀ የሥነ ልቦና ሕክምናና ሐኪም የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች ናቸው።

እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ በዝምታ ይታፈናል። «ፈጣሪ የሰጠሽ መቼ አነሰሽ? አርፈሽ ብትቀመጪ ምን ነበረበት?» የሚለው ነቀፋ የተጎዳችውን ሴት ሁለተኛ ይጎዳታል፤ ለእህቷ እንኳ ሳትነግር ገንዘብ ተበድራ በችኮላ ሁለተኛ ሐኪም ፍለጋ የምትሮጠውም ስለዚህ ነው። ውሳኔዋን የማይወድ ቤተሰብ ሊኖር ይችላል፤ ያም ቢሆን ሕመሟን መስማት አለበት።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ፣ መጀመሪያ መነጋገር የሚገባው ከመጀመሪያው ሐኪም ጋር ነው፤ ምን እንደቆረጠና ምን እንደተወ የሚያውቀው እርሱ ነው። እምነት ከጠፋ ሌላ ሐኪም ማማከር መብት ነው። ያኔ የኦፕሬሽን ሪፖርቱን፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተነሡትን ፎቶግራፎች፣ የገባ ነገር ካለም የዕቃውን ዓይነትና ስም በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀዶ ሕክምናውን በሌላ አገር፣ ለምሳሌ የውጭ ታካሚ በብዛት በምትቀበለው ኢስታንቡል፣ የሚያደርግ ሰው ይህን ሰነድ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት በእጁ ቢያስገባ ይሻለዋል። በኋላ በስልክ መለመን አድካሚ ነው፤ አዲሱ ሐኪም ደግሞ ከጎድን አጥንት መውሰድ ይኑርበት አይኑርበት ለማቀድ ይህን ወረቀት ይፈልገዋል።