የሐበሻ ጥድ፦ ዛፉ፣ እንጨቱና ጠላቶቹ

ጥድ ሲባል ብዙ የከተማ ሰው ትዝ የሚለው አጥር ጥግ ተደርድሮ የሚቆመው የፈረንጅ ጥድ ነው። እሱ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። እዚህ የምጽፈው ስለ ባለቤቱ፣ ስለ ሐበሻው ጥድ ነው። በትግርኛ ጽሕዲ፣ በኦሮምኛ ጋቲራ ወይም ሂንዴሳ ይሉታል። ጁኒፔረስ ፕሮሴራ የሚለውን ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1847 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት)። ፕሮሴራ በላቲን ረጅም ማለት ነው። ስሙ ይገባዋል፤ ቦታው ሲመቸው ከ30 ሜትር በላይ ይመዘዛል።

ሁለቱን ለመለየት ፍሬውን ማየት ይበቃል። የፈረንጁ ፍሬ እንጨት የሆነ ድብልብል ነገር ነው፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል። የሐበሻው ግን ከአተር የማይበልጥ ለስላሳ ፍሬ ነው። ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄድና ላዩ ላይ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በጣት ጠረግ ሲያደርጉት ይለቃል። በጣት ከጨመቁት ደግሞ ሙጫው ይጣበቃል፣ ሽታውም ቶሎ አይለቅም። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ዛፉ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። ግቢያችሁ ውስጥ ለዓመታት ፍሬ ያላፈራ ጥድ ካለ ታሟል ማለት አይደለም፤ ወንድ ሊሆን ይችላል።

ሀገሩ ደጋና ወይና ደጋ ነው። ከሳውዲ የአሲር ተራሮችና ከየመን ይጀምርና ኤርትራን፣ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያን፣ ኬንያን እያለ እስከ ማላዊና ዚምባብዌ ይወርዳል። ከዘመዶቹ መካከል የምድር ወገብን ተሻግሮ ወደ ደቡብ የዘለቀ እሱ ብቻ ነው። የአሲሯ ከተማ አብሃ አካባቢ የኖረ ኢትዮጵያዊ ተራራው ላይ ያየው ጥድ ያው የኛው ነው።

እንጨቱን ያስወደደው ልቡ ነው። ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ያውዳል፣ ምስጥም አይደፍረውም። ስለዚህ ለቤት ምሰሶና ቋሚ፣ ለአጥር፣ ለበርና ለመስኮት ሲፈለግ ኖሯል። አያቴ ቤት መሃሉን የያዘው ምሰሶ ጥድ ነው። ጣሪያው ከሣር ወደ ቆርቆሮ ሲቀየር፣ ግድግዳው ሁለቴ ሲመረግ፣ እሱን የነካው የለም። ጥጉን በቢላ ፋቅ ካደረጉት አሁንም ይሸታል። እንጨቱ በቀጥታ ስለሚሰነጠቅና ለመቅረጽ ስለሚመች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ለእርሳስ ይውል የነበረው ቀይ ሴዳር የሚባለው የአሜሪካ ዛፍ ሲመናመን፣ የእርሳስ ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደ ኬንያ ጥድ አዙረው ነበር። ከእንጨቱ የሚጣራው ዘይት ደግሞ ለሽቶና ለሳሙና ይውላል። በየአካባቢው ለሆድ ትላትልና ለሌላም በሽታ በመድኃኒትነት ይጠቀሙበታል።

ስለ ጥድ ተነስቶ መናገሻን ማለፍ አይቻልም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) በንጉሡ ትእዛዝ እንደተተከለ ይነገራል። ዘሩም የመጣው ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን ነው ይባላል። ዛሬ የቆሙት ትላልቅ ጥዶች ያኔ የተተከሉት ራሳቸው ናቸው ወይስ ልጆቻቸው የሚለው ያከራክራል፤ እኔ ልጆቻቸው ይመስሉኛል። ቢሆንም ከ500 ዓመት በፊት ደን ማስተከል ያሰበ መንግሥት እዚህ ሀገር ነበር መባሉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በምኒልክ ጊዜ አዲስ አበባ ዙሪያዋ ተመንጥሮ የማገዶ እጥረት ስለጠናባት ንጉሡ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ባህር ዛፍ በ1890ዎቹ ገብቶ ባይደርስ ኖሮ መናገሻም የሚተርፍ አይመስለኝም። ባህር ዛፍን የሚወቅስ ሁሉ ይህንንም ቢያስብ ጥሩ ነው።

በሰሜኑ ክፍል ጥድን ያቆየው ቤተ ክርስቲያን ነው። ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ መሃል ላይ ክብ አረንጓዴ ነገር ከታየ ደብር አለ ማለት ነው፤ እዚያ ውስጥ ጥድና ወይራ ብዙ ጊዜ አይጠፉም። ላስታ ውስጥ ዋሻ ላይ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስም በጥድ ደን የተከበበ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንቷል። ትልቁ ጣጣ ከብት ነው፤ ገብቶ ችግኙን ይረግጣል፣ ይበላል። በድንጋይ ካብ ማጠር ከከብት ያድነዋል።

ጠላቶቹ ብዙ ናቸው። ፒሮፎሜስ የሚባል ፈንገስ ልቡን ያበሰብሰዋል፤ ዛፉ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ቅርንጫፉ ላይ የሚበቅል ተቀጥላም አለ፤ ቅጠል የሌለው የሚመስል፣ ጥድን ብቻ ይዞ የሚኖር ጥቃቅን ተክል ነው። ተርብ መሰል ትንንሽ ነፍሳት ደግሞ ዘሩን ፍሬው ውስጥ ሳለ ይበሉታል። ከሁሉም የተወራለት የጥድ ክሽክሽ የሚባለው፣ የዛፉን ፈሳሽ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት ነው። በ1986 ማላዊ ላይ ታየ፣ በ1990 ኬንያ ገባ፣ ኋላም ወደኛ ደረሰ። የፈረንጁን ጥድ ይበልጥ ቢጎዳም የሐበሻውንም አይምርም። ትግራይ ውስጥ ደሳአ ደን ላይ ጥዶቹ ከነቆሙ እየደረቁ ነው፤ አሲር ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ድርቅና ሙቀት ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው። እሳትም አለ። ቅርፊቱ ቀጭን ነው፣ እሳት አይችልም።

በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ጥድን ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከዝግባ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሌሎች አዋጆች ተተክቷል።

ማባዛቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሚለቀመው ዘር ብዙው ባዶ ነው፣ የበቀለውም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ በ2002 ባሳተመው ጥናት ከጥድ የተቆረጠ ቁራጭ ሥር እንዲያወጣ በማድረግ ዛፉን ማብዛት እንደሚቻል አሳይቷል። ችግኝ ስትገዙ ዝም ብላችሁ ጥድ ካላችሁ የፈረንጁን ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ቅጠሉን በእጃችሁ ዳስሱት። የሐበሻው ችግኝ መርፌ ቅጠል ስላለው ይወጋል።