ፒአይዲ ምንድን ነው?

መስቀል አደባባይ አካባቢ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ወደ አንዱ ግቡና አሳንሰሩ ላይ ሰባትን ተጫኑ። ብቻችሁን ብትሆኑም፣ ስምንት ሆናችሁ ብትጨናነቁም፣ ደህና አሳንሰር ከሆነ ከወለሉ እኩል ይቆማል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራው ተቆጣጣሪ ብዙ ጊዜ ፒአይዲ ወይም የቅርብ ዘመዱ ነው። ከተፈለገው ላይ የተለካውን ይቀንሳል፤ ልዩነቱ "ስህተት" ይባላል። እሱን እያየ ሞተሩን ያዛል። ስሙ የመጣው ከሦስት ክፍሎቹ የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው፦ ፒ (P)፣ አይ (I) እና ዲ (D)።

ፒ የሚያየው የአሁኑን ስህተት ብቻ ነው። ስህተቱ ሲሰፋ በደንብ ይገፋል፣ ሲጠብ ይለግማል። ሸክም ካለ፣ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረው ግፊቱ ከሸክሙ ጋር ይመጣጠንና እዚያው ይቀራል።

አይ ደግሞ ቂመኛ ነው። ትንሿን ስህተት እየደመረ ይይዛል፣ እስክትጠፋም አይለቃትም። ቂሙ ግን ጣጣ አለው። ሞተሩ ያለውን ጉልበት ሁሉ እየሰጠ እንኳ መደመሩን አይተውም። በኋላ የተጠራቀመው ሁሉ ግቡን አሳልፎ ይወስደዋል።

ዲ ስህተቱ የሚለወጥበትን ፍጥነት አይቶ ቀድሞ ፍሬን ይይዛል። የሴንሰር (የመለኪያው) ጫጫታ፣ ማለትም የንባቡን ጥቃቅን መዋዠቅ፣ ስለሚያጎላ ብዙ ኢንጂነሮች ያጠፉታል።

ኢንጂነሩ ኒኮላስ ሚኖርስኪ መርከብ ነጂዎች መሪ እንዴት እንደሚይዙ አስተውሎ ሒሳቡን ያወጣው በ1922 እ.ኤ.አ. ነው። ታዲያ አምስት ኪሎም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ሰው በዚህ ዓይነት ነገር ላይ ለምን እስካሁን ፒኤችዲ ይሠራል? ጣጣው ያለው ሦስቱ ፊደላት የሚባዙባቸው ቁጥሮች ላይ ነው። በ1942 እ.ኤ.አ. ኢንጂነሮቹ ዚግለርና ኒኮልስ አቋራጭ አበጁ፦ አይንና ዲን አጥፍተህ ፒን ብቻ መወዛወዝ እስኪጀምር ከፍ አድርገው፣ ሌላውን ከዚያ አስላ። ለመነሻ ጥሩ ነው፣ ከዚያ በላይ ግን አልመካበትም።

ቀላል ባቡሩን እንውሰድ። ባዶውን ሲሄድና ማታ ስታዲየም ጋ ተጠቅጥቆ ሲነሳ ክብደቱ አንድ አይደለም። ለአንዱ የተስተካከለው ቁጥር ሌላውን ሊያንገጫግጭ ይችላል። ተመራማሪው ቁጥሮቹ ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ ያደርጋል። ማትላብ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ቆንጆ ግራፍ ማውጣት ቀላሉ ነው፤ ለማስተርስ ይበቃ ይሆናል። ከባዱ፣ ክብደቱ ቢለዋወጥም ሴንሰሩ ቢዘገይም ነገሩ ከቁጥጥር እንደማይወጣ በሒሳብ ማረጋገጥ ነው። ለዚህ በብዛት የሚጠቀሙበትን ዘዴ ያመጣው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ሊያፑኖቭ ነው፣ በ1892 እ.ኤ.አ.፣ እሱም በዶክትሬት ጥናቱ።