የአጥንት ቲቢ ምንድን ነው? «አክታው ነጻ ነው» የሚለው ለምን አይበቃም?

«አክታው ተመርምሮ ነጻ ስለሆነ የጀርባው ሕመም ቲቢ ሊሆን አይችልም» የሚል አስተያየት ሰሞኑን ደግሜ አነበብሁ። ከመንዝም ሆነ ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጡ ሕሙማንም የአክታ ውጤታቸውን ይዘው ይህንኑ ይነግሩኛል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ማለፉ አይገባም።

የአጥንት ቲቢ የቲቢ ባክቴሪያ በደም ተጉዞ በአጥንት ወይም በመገጣጠሚያ ላይ የሚያደርሰው በሽታ ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያጠቃው አከርካሪን ነው። የአክታ ምርመራ የሚናገረው ግን ስለ ሳንባ ብቻ ነው። አከርካሪያቸው በቲቢ የተጎዳ ብዙ ሕሙማን ሳንባቸው ጤነኛ ነው፤ የደረት ራጃቸውም ምንም ላያሳይ ይችላል። በዚሁ ምክንያት ሳንባው ያልተነካ ሕመምተኛ በሳል ለሌላ ሰው ስለማያስተላልፍ፣ ብርጭቆውን መለየት ትርጉም የለውም። አስተያየት ሰጪው «እንግዲያው አክታ መመርመር ከንቱ ነው?» እንዳይሉኝ፣ ከንቱ አይደለም፤ ሳንባም ተይዞ ከሆነ የሚታወቀውና ቤተሰቡም እንዲመረመር የሚደረገው በእርሱ ነው።

ነገሩ ምስጥ እንደገባበት ምሰሶ ነው። ደጃፉን ጠርጎ ትቢያ አላገኘሁም ያለ ሰው ምሰሶው ደኅና መሆኑን አላወቀም፤ ማወቅ የሚችለው ምሰሶውን ራሱን ሲፈትሽ ነው። ራጅም ቢሆን ምሰሶውን ከውጭ እንደማየት ነው፤ አጥንቱ ከማዕድኑ ብዙውን እስኪያጣ ድረስ ጉዳቱን አያሳይም። የሰውነትን ውስጥ በመግነጢስ ኃይል የሚያነሣው ኤምአርአይ ቀድሞ ያያል፤ እርግጡን የሚነግረን ግን ከአጥንቱ ወይም ከመግሉ በመርፌ ተወስዶ በጂን ኤክስፐርት (የባክቴሪያውን ዘረመል በሚለይ መሣሪያ)፣ በካልቸር (ባክቴሪያውን በማሳደግ) እና በፓቶሎጂ (ሥጋውን በማይክሮስኮፕ በማየት) የሚመረመረው ናሙና ነው። በአጥንት ውስጥ ባክቴሪያው ጥቂት ስለሆነ ከዚህ ናሙና የተገኘ «ነጻ» ውጤት እንኳ ጥርጣሬውን ጨርሶ አያነሣም።

በከብት እርባታ በሚኖር አካባቢ አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልችልም። ያልፈላ ወተት በመጠጣት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም አከርካሪን ያጠቃል፤ ትኩሳቱ፣ የሌሊት ላቡና የወገብ ሕመሙ ከቲቢ ጋር ይመሳሰላል። ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሁለቱንም ስለሚዋጋ፣ ሕመምተኛው በመድኃኒቱ መሻሉ ብቻውን የቲቢ ማስረጃ አይሆንም።

ሕክምናው በአገራችን መመሪያ መሠረት 12 ወር ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒቶች፣ በቀሩት 10 ወራት ደግሞ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ይሰጣሉ። ሕመሙ ቀድሞ ስለሚለቅ ብዙዎች መሐል ላይ ያቋርጡታል። ጨርሰው «በሽታው ያመጣው የጀርባ ጉብጠት አልቀናም፤ መድኃኒቱ አልሠራም» የሚሉም አሉ፤ ምስጡን መግደል ግን የዘመመውን ቤት አያቃናም። ጉብጠቱ እየጨመረ ከሄደ ወይም ነርቭ ከተጫነ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ ይሆናል፤ ለሌላው አብዛኛው ሕመምተኛ መድኃኒቱ ይበቃል።

«ብርድ ነው» ተብሎ ወደ ወጌሻ መሄድ በሌላ ሕመም ላይ ምናልባት ጉዳት ላያመጣ ይችላል፤ በቲቢ የሳሳ አከርካሪ ግን ሊታሽም ሊጎተትም አይገባም። ለሳምንታት የቆየ የጀርባ ሕመም ያለበት ሰው እግሩ መዛል ወይም መደንዘዝ ከጀመረ፣ ሽንቱንም መቆጣጠር ካቃተው፣ የአክታ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።