ቤኒቶይት፦ ሰንፔር የሚመስለው ድንጋይ እና በስሕተት የሚነገርለት

ቤኒቶይትን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «ሰንፔር ነው» ይላል። ቤኒቶይት ግን ባሪየም፣ ታይታኒየም፣ ሲሊኮንና ኦክስጅን የተዋሐዱበት የሲሊኬት ማዕድን ነው። ለጌጥ የሚቆረጥ ጥራትና መጠን ያለው ደግሞ በተግባር የተገኘው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካለችው የሳን ቤኒቶ አውራጃ። ስለ እርሱ የሚነገሩት ስሕተቶች አብዛኞቹ በሌሎች ማዕድናትም ላይ የምንደጋግማቸው ናቸው።

«ሰማያዊ ሆኖ ካብረቀረቀ ሰንፔር ነው»

በዚህ የመጀመሪያዎቹ አግኚዎችም ተሳስተዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ጄምስ ካውች የተባለ ማዕድን ፈላጊ ከሳን ቤኒቶ ወንዝ መነሻ አጠገብ ሰማያዊ ክሪስታሎች ሲያገኝ፣ ድንጋዮቹ ሰንፔር ናቸው ተብለው ነበር። ናሙናው በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ምሁር ከነበረው ከጆርጅ ላውደርባክ እጅ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ሰንፔር የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፤ ሲሊኮን በቀመሩ ውስጥ የለም፤ ጥንካሬውም፣ ማዕድን መጫርን ምን ያህል እንደሚቋቋም ከ1 እስከ 10 በሚያሳየው በሞህስ መለኪያ፣ 9 ነው። የዚህኛው ጥንካሬ ግን ከ6 እስከ 6.5 ብቻ ሆነ። ላውደርባክ በዚያው ዓመት አዲስ ማዕድን መሆኑን አስታውቆ በተገኘበት አውራጃ ስም ሰየመው።

ቀለም ምን ያህል እንደሚያሳስት ለመረዳት ድንጋዩን በብርሃን ፊት ይዞ ቀስ እያሉ ማዞር ይበቃል። ቤኒቶይትን በክሪስታሉ ዋና ዘንግ አቅጣጫ ሲያዩት ቀለሙ ይጠፋል፤ ከጎን ሲያዩት ሰማያዊ ነው። በሰንፔር ዘንድ የተገላቢጦሽ ነው፤ ምርጡ ሰማያዊ የሚታየው በዋናው ዘንግ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ለሰንፔር የለመደውን አቆራረጥ በቤኒቶይት ላይ የሚደግም ባለሙያ፣ ሰማያዊውን ድንጋይ ውኃ አስመስሎ ያወጣዋል።

በአጉሊ መነጽር ከፊት ለፊቱ አሻግረው ቢመለከቱት ደግሞ የጀርባው ጠርዞች ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ። አንዱን የብርሃን ጨረር ለሁለት የመክፈል አቅሙ 0.047 ሲሆን የሰንፔር 0.008 ብቻ ነው። ነጭ ብርሃንን ወደ ቀስተ ደመና ቀለማት በመበተን ረገድ ከአልማዝ ጋር ይስተካከላል፤ ይህን ብልጭታ ከዓይን የሚሰውረው የራሱ ሰማያዊ ቀለም ነው። ፈዘዝ ያሉት ድንጋዮች በዚህ ከደማቆቹ የተሻሉ ናቸው፤ ገዢ ግን ሁልጊዜ ደማቁን ይመርጣል። በአጭር ሞገድ አልትራቫዮሌት መብራት ሥር ድንጋዩ ደማቅ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚሰጥ፣ ሰብሳቢዎች የማዕድን ማውጫውን ፍርስራሽ በጨለማ መብራት ይዘው ይፈትሹታል።

«ብርቅዬ ማዕድን የሚሠራው ከብርቅዬ ንጥረ ነገር ነው»

ከሁሉም ስሕተቶች እንደ እውነት የሚመስለው ይህ ነው። ታይታኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ዐሥር ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ባሪየምም ከመዳብ ይልቅ የበዛ ነው። ኦክስጅንና ሲሊኮን ደግሞ ሁለቱ ብቻ የቅርፊቱን ክብደት ወደ ሦስት አራተኛ ይሞላሉ። ብርቅ የሆነው የእነዚህ ሁሉ በአንድ ቦታ፣ በተስማሚ ሙቀትና ግፊት መገናኘት ነው። ባሪየም በተለመደው አለት ውስጥ ፖታሲየም በሚቀመጥበት ቦታ ገብቶ በፌልድስፓርና በሚካ ውስጥ ይበተናል። ታይታኒየምም ብዙውን ጊዜ ከብረት ወይም ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ ሌሎች ማዕድናትን ይሠራል።

በሳን ቤኒቶ ግን ትኩስ ፈሳሾች ሰርፐንቲናይት በተባለው አረንጓዴ አለት ውስጥ ተውጠው በቀሩ፣ በከፍተኛ ግፊት በተለወጡ የብሉሽስት አለቶች ስንጥቆች ውስጥ አለፉ። በእነዚያ ስንጥቆች ግድግዳ ላይ ቤኒቶይትና ኔፕቱናይት የተባለ ጥቁር ማዕድን በቀሉ፤ መጨረሻ ላይ ናትሮላይት የተባለ ነጭ ማዕድን መጥቶ ሁሉንም ሸፈናቸው። በመሆኑም ከማውጫው የሚወጣው ቁራጭ መጀመሪያ ሲታይ ነጭ ድንጋይ ብቻ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ሲነከር ናትሮላይቱ ይሟሟል፤ ሰማያዊዎቹ ባለ ሦስት ማዕዘን ክሪስታሎችና ጥቁሮቹ የኔፕቱናይት ዘንጎች ግን አሲዱ ሳይነካቸው በአለቱ ላይ ቆመው ብቅ ይላሉ። በየቤተ መዘክሩ የሚታዩት ውብ ናሙናዎች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የተዘጋጁ ናቸው። ተፈጥሮ ዛሬ በምናየው መልክ አላቀረበቻቸውም።

«ቀመሩን ያወቀ ምድቡን አወቀ»

የቤኒቶይት ቀመር አንድ ባሪየም፣ አንድ ታይታኒየም፣ ሦስት ሲሊኮንና ዘጠኝ ኦክስጅን ነው። ይህን ያነበበ ተማሪ «ሲሊኬት ነው» ብሎ ቢያልፍ አልተሳሳተም፤ ግን ምንም አልተናገረም ማለት ይቻላል። ከምድር ቅርፊት ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ሲሊኬት ነውና። ዋናው ጥያቄ አተሞቹ እንዴት ተደረደሩ የሚለው ነው።

በሲሊኬቶች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ አንድ ሲሊኮን በአራት ኦክስጅኖች ተከብቦ አራት ገጽታ ያለው ትንሽ ፒራሚድ ይሠራል። ፒራሚዶቹ ለየብቻ ከቆሙ ጋርኔትና ኦሊቪን ይገኛሉ። ጥጋቸውን እየተጋሩ ከተቀጣጠሉ ሰንሰለት፣ እንደ ምንጣፍ ከተዘረጉ ሚካና ሸክላ፣ በሁሉም አቅጣጫ ከተሳሰሩ ኳርትዝ ይሆናሉ። ቀለበት ሠርተው ከተዘጉ ደግሞ ቀለበታማ ሲሊኬት ይባላሉ፤ የቤኒቶይት ምድብ ይኸው ነው። ቀለበቱ ሦስት ፒራሚዶች ብቻ ያሉት ትንሹ ዓይነት ነው። በጉጂ ዞን ከሻኪሶ አካባቢ የሚወጣው ኤመራልድም ከዚሁ ምድብ ነው፤ የእርሱ ቀለበት ግን ባለ ስድስት ነው።

የሚያደናግረው እዚህ ላይ ነው፤ በቀለበትም ሆነ በነጠላ ሰንሰለት ውስጥ ፒራሚዶቹ ኦክስጅን ስለሚጋሩ፣ በቀመሩ ለአንድ ሲሊኮን የሚደርሱት ሦስት ኦክስጅኖች ናቸው። ቀመሩን ብቻ የያዘ ሰው አንዱን ከሌላው ሊለይ አይችልም። ጥሩ ማስረጃ የካልሲየም ሲሊኬት ነው። በተለመደው የሙቀት መጠን ዎላስቶናይት የተባለ ሰንሰለታማ ማዕድን ነው፤ ከ1100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ግን አንድም አተም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ሰንሰለቱ ተበጥሶ ባለ ሦስት ቀለበት ይሆናል። ስለዚህ የቤኒቶይት ምድብ በእርግጠኝነት የታወቀው በኬሚካል ትንተና አይደለም፤ ዊልያም ዛካሪያሰን የተባለ ተመራማሪ በ1930 በኤክስሬይ የአተሞቹን አቀማመጥ ሲያሳይ ነው።

እንደ እኔ እንደ እኔ ቤኒቶይትን ታላቅ የሚያደርገው ሰማያዊነቱ አይደለም። ክሪስታሎች ሊይዙት የሚችሉት የሲሜትሪ (ቅርጹ ሲዞር ወይም በመስተዋት ሲታይ ራሱን የመምሰል) ዓይነት 32 ብቻ መሆኑ በስሌት የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ከስድስት ማዕዘኑ ቤተሰብ የሆነውና ሦስት ማዕዘን መልክ ያለው፣ በወረቀት ላይ ቢኖርም በእርግጠኝነት የሚጠቀስ የተፈጥሮ ምሳሌ አልነበረውም። ቤኒቶይት ያንን ባዶ ቦታ ሞላው። ጌጥ ሻጮች ስለዚህ ጉዳይ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

«አዲስ የጌጥ ስም ሁሉ አዲስ ማዕድን ነው»

አይደለም። ታንዛናይት ራሱን የቻለ ማዕድን ሳይሆን የዞይሳይት ሰማያዊ ዓይነት ነው፤ ኤመራልድም አረንጓዴ ቤሪል ነው። ቤኒቶይት ግን የራሱ ቀመርና የራሱ አደራደር ያለው ሙሉ ማዕድን ነው። ቀለም አልባው፣ ብርቅ የሆነው ሐምራዊ መሳዩ፣ ተሞቆ ብርቱካናማ የሆነውም ሁሉ ቤኒቶይት ነው፤ ቀለም ስም አይለውጥም። ስም የሚለውጠው የንጥረ ነገር መተካት ነው። በታይታኒየሙ ቦታ ዚርኮኒየም ከሰፈነ ባዚራይት፣ ቆርቆሮ ከሰፈነ ፓብስታይት ይባላል፤ አደራደራቸው ግን ያው ነው።

«ባሪየም መርዝ ስለሆነ ድንጋዩ አደገኛ ነው»

በውኃ የሚሟሟ የባሪየም ጨው መርዝ መሆኑ እውነት ነው። የማይሟሟው ግን ሌላ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የሆድ ዕቃን በኤክስሬይ ለማንሣት ለሕመምተኛ የሚሰጠው ነጭ መጠጥ ባሪየም ሰልፌት ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያላሟሟው ቤኒቶይት በጣት ላይ ቢደረግ የሚጎዳ ነገር የለውም። ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የሳን ቤኒቶው አለት ራሱ ነው፤ ሰርፐንቲናይቱ በአስቤስቶስ የተሞላ በመሆኑ አቧራውን መሳብ ለሳምባ አደገኛ ነው።

«እውነተኛ የከበረ ድንጋይ በመዶሻ አይሰበርም» የሚለውን ደግሞ በሁለት ቃል ማለፍ ይቻላል፤ አልማዝም ይሰበራል። የሞህስ መለኪያ መጫርን እንጂ መሰባበርን አይለካም።

«ብርቅ ከሆነ ውድ ነው»

ተመራማሪዎቹ ሮበርት ሄዘንና ጄሲ አውሱበል በ2016 ባወጡት ጥናት፣ በወቅቱ ከታወቁት 5,100 ገደማ ማዕድናት ከ2,500 በላይ የሚሆኑት በዓለም ላይ ከአምስት በማይበልጡ ቦታዎች ብቻ የተገኙ ናቸው። ብርቅ መሆን እንግዲህ በማዕድናት ዓለም የተለመደው ነገር ነው። አብዛኞቹም በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታዩ ቅንጣቶች ስለሆኑ ከተመራማሪ በቀር ፈላጊ የላቸውም። ቤኒቶይት ራሱ በጃፓንና በአሜሪካው አርካንሳስም ይገኛል፤ ነገር ግን እዚያ ያሉት ክሪስታሎች ለመቁረጥ አይበቁም፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ነው።

የሳን ቤኒቶውም ቢሆን ተቆርጦ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ካራት በታች ነው። ካሊፎርኒያ በ1985 የግዛቷ የከበረ ድንጋይ አድርጋ መርጣዋለች፤ ዋጋውን የሚይዘው ግን ይህ ማዕረግ ሳይሆን የድንጋዩ መጠን፣ ጥራትና ቀለም ነው። የንግድ ቁፋሮው በ2000ዎቹ አጋማሽ ስለቆመ በገበያ ላይ የሚዞረው በአብዛኛው ቀድሞ የወጣ ነው። ትልቅና እንከን የለሽ ቤኒቶይት በርካሽ ሲቀርብ ታዲያ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። አልትራቫዮሌት መብራቱ ብቻውን አይበቃም፤ አንዳንድ ሰው ሠራሽ ድንጋዮችም በአጭር ሞገድ ያበራሉ። የጠርዞቹን መንታነት በአጉሊ መነጽር ማየት፣ ከዚያ በዕውቅ ቤተ ሙከራ የብርሃን ስብረቱን (ብርሃን ወደ ድንጋዩ ሲገባ የሚታጠፍበትን መጠን) ማስለካት ይሻላል፤ የቤኒቶይት ንባብ ከ1.757 እስከ 1.804 ድረስ ይዘረጋል።